ሂናዋን ማን ይቁረጣት?

በትልልቁ የአገር ጉዳይ ብዙ ስለተባባልን፣ ዛሬ ወደ አንዲት የአበባ ማሰሮ ልውሰዳችሁ።

ማሰሮዋ ያለችው እዚሁ ቬሊንግቢ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ በምትኖር የድሬዳዋ ሴት ቤት ነው። ሴትየዋ ዕድሜዋ ከእናቴ ጋር ይቀራረባል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝና የተዋወቅን ዕለት «እርስዎ» ብላት «አቦ ተወኝ! የምን እርስዎ ነው? አንቺ በለኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» እያልኩ በአንቺ አናግራታለሁ።

ከእትዬ ሳሎን መስኮት አጠገብ አንዲት የሂና ዛፍ ቆማለች። ዘሯን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከእናቷ ግቢ ያመጣችው ናት። እናትየዋ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ግቢውም ተሸጧል። ከዚያ ቤት የቀረ ነገር ቢኖር ይህች ዛፍ ብቻ ናት ማለት ይቻላል።

የደጋ ሰው ሂና ሲባል እንሶስላ ይመስለዋል። ሁለቱም እጅና እግር ያቀላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። እንሶስላ የደጋ ተክል ነው፤ የሚወቀጠው ሥሩ ነው። ሂና ግን የቆላ ዛፍ ናት፤ የምትፈለገውም ለቅጠሏ ነው። ፀሐይ ካገኘች ከሰው ቁመት በላይ ታድጋለች፤ ሽታው የሚያውድ ጥቃቅን አበባም ታወጣለች።

ቬሊንግቢን ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያስመርቋት፣ ሥራው፣ መኖሪያውና ገበያው በአንድ ስፍራ የሚገኝባት ከተማ ብለው ነው። ፀሐይን ግን በፕላኑ ውስጥ ማስገባት አልቻሉም። በታኅሣሥ ቀኑ ከስድስት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። የእትዬ ሂናም ብርሃን ፍለጋ ወደ መስታወቱ ስትንጠራራ ቀጥናና ረዝማ ጎብጣለች። ከታች ራቁቷን ቀርታ፣ ቅጠል ያላት ጫፏ ላይ ብቻ ነበር። የማሞቂያው ደረቅ አየር ደግሞ ድር የሚያደራ ጥቃቅን ተባይ ጠርቶባታል።

እኔ በውጭ አገር የያዝኩት ዲግሪ ከዛፍ ጋር አይገናኝም። ቅርንጫፍ መግረዝ ያስተማሩኝ፣ እዚህ አቅራቢያ ባለችኝ የኪራይ የጓሮ መሬት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ናቸው። ባለፈው ክረምት ለእትዬ «ዛፍሽ ካልተቆረጠች ትሞታለች» አልኳት።

«የእናቴን ዛፍ በመቀስ? በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም!»

ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ሳለ ነሐሴ ላይ የሚሆነው የልጇ ሠርግ ተቆረጠ። እትዬ ሙሽራዋን በዚያች ዛፍ ቅጠል ልታቀላት ፈለገች። ቅጠሉን ብንቆጥረው ግን ለአንድ እጅ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ያኔ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «እናትሽ ግቢ ያለችውን ማን ይከረክማት ነበር?»

«ማንም» አለች። ጥቂት አሰበችና «ሠርግ በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይቆርጥ ነበር እንጂ። ለበዓልም እንዲሁ» አለች።

መልሱ እሱው ነበር። እዚያ ሂናዋን የሚገርዛት አትክልተኛ አላስፈለጋትም፤ ሠርጉና በዓሉ ይገርዟት ነበር። እዚህ ስትመጣ ግን ማስታወሻ ሆነችና የሚነካት ጠፋ። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ከጉቶው እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ እትዬም እንደማንኛውም የሐረርጌ ሰው ታውቃለች። ስለ ቡናው ሳነሳባት ግን «ቡናው የእናቴ አይደለም» ብላ ዘጋችኝ። እኔም ብሆን ጋዜጠኛ ሳለሁ የሰው ጽሑፍ ስከረክም እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የራሴን ሲቆርጡብኝ ግን ሳምንት አኮርፍ ነበር። ስለዚህ አልፈረድኩባትም።

መጋቢት ሲገባ ራሷ ጠራችኝ። ቤታችሁ እንዲህ ያለች ዛፍ ካለች ይጠቅማችኋልና ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በመከር የተቆረጠች ሂና የምታወጣው አዲስ ቀንበጥ በጨለማው ወራት ቀጥኖ ይቀራል። ብርሃኑ መመለስ ሲጀምር፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ይሻላል። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ በአልኮል ይጠረግ። መጀመሪያ የደረቀው ይወገዳል፤ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውና ወደ ውስጥ ያደገው። ረዥሙ ቅርንጫፍ የሚያጥረው ከቅጠል ጥንድ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። የሂና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ስለሚበቅል፣ ከአንድ ቁርጥ ሥር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል፤ የምትደነድነውም በዚህ ነው። በአንድ ጊዜ ግን ከሢሶዋ በላይ አትቁረጡ፤ የቀረውን ለከርሞ ተዉት። ከዚያ ውኃ ቀንሱ፤ ቀንበጥ ሳይታይ ማዳበሪያ አትስጡ። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲያቆም ወደ በረንዳ ትውጣ።

ጓንት አድርጉ። የኡፕሳላው ሊቅ ካርል ቮን ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1753 እሾህ የሌላትንና እሾህ ያላትን ሂና እንደ ሁለት ዛፍ ቆጥሮ ለየብቻ ስም ሰጥቷቸው ነበር። ኋላ ግን አንድ መሆናቸው ታወቀ፤ ወጣቷ እሾህ የላትም፣ ስትጎለምስ ታወጣለች። የእትዬም ዘጠኝ ዓመቷ ነውና አውራ ጣቴን አድምታዋለች።

ስቆርጥ እትዬ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የተቆረጠውን ቅጠል ግን አንድም ሳታስቀር ለቅማ ጥላ ላይ አደረቀችው፤ ተወቅጦ ግማሽ ሲኒ አልሞላም። ከዚያ ሦስት ሳምንት ምንም የለም። ዛፏ እንጨት ሆና ቆመች። እትዬ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋን አሳጠረች፤ እኔም የሙት አደራ የበላሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

በአራተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። «ና» አለችኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ስደርስ ከመጀመሪያው ቁርጥ ሥር የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ወጥተዋል። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ስታያቸው ቆየችና ዓይኗን ጠረገች።

አሁን ግንቦት ነው፤ ቀንበጦቹ ስንዝር አልፈዋል። ጥሩ ቀለም ያለው ለጋው ቅጠል ላይ ነውና፣ እስከ ነሐሴ ለሙሽራዋ ሁለት እጅ የሚበቃ ይገኛል ብለን ተስፋ አድርገናል። ለእግሯ ከገበያ ይገዛል።

ትናንት ልሰናበታት ስነሳ «መቀሱን እዚሁ ተውልኝ» አለችኝ። «ለሠርጉ የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

ተውኩላት። ቸር ይግጠመን።