የቢሮ አየር ቅሬታ፦ ከመለኪያው በፊት ሠራተኛው ይደመጥ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በሌሎች የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሚገኙ አብዛኞቹ ቢሮዎች ንጹሕ አየር የሚያገኙት በመስኮት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የጠዋቱ ብርድ፣ የክረምቱ ዝናብና የበጋው አቧራ በየተራ መስኮቱን ያዘጋሉ። ራስ ምታት፣ ድብታ፣ የዓይን መቆጥቆጥና የጉሮሮ መድረቅ የሠራተኞች የዘወትር እሮሮ ቢሆኑ አያስደንቅም።

በኢትዮጵያ ስለ ቤት ውስጥ አየር የሚደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው በማገዶ ጢስ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ጢሱ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ስለሚጎዳ ትኩረቱ ተገቢ ነው። የቢሮው እሮሮ ግን አንድም እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ አለዚያም መለኪያ ይመጣና በአንድ ቀን ልኬት «ከወሰኑ አላለፈም» ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ሁለተኛው መንገድ ሳይንሳዊ ስለሚመስል ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ቸልተኝነትን በቁጥር ያጸድቃልና።

ለዚህ ዋናው ማሳያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። በስፋት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ጋዙ ኢንፍራሬድ ጨረርን ምን ያህል እንደሚውጥ በማየት መጠኑን ያሰላሉ። መሣሪያው በእርግጥ የሚለየው በውስጡ ያለፉትን የጋዙን ሞለኪውሎች ብዛት ነው፤ ከጠቅላላው አየር ያላቸውን ድርሻ የሚያሰላው ግን፣ ካልተስተካከለ በቀር፣ የአየር ግፊቱን የባሕር ወለል ግፊት አድርጎ በመውሰድ ነው። በ2,700 ሜትር ከፍታ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለከፍታው ያልተስተካከለ መለኪያ፣ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 1,200 የደረሰውን መጠን 860 ገደማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። 1,000 እንደ ወሰን ከተወሰደ፣ የታፈነው ክፍል በወረቀት ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ቁጥሩ ቢታረምም እንኳ የሚመልሰው ጥያቄ ውስን ነው። ጀርመናዊው የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 የ1,000ን ወሰን ሲያቀርብ፣ ጋዙን የወሰደው አየሩ በሰው ትንፋሽ መታፈኑን እንደሚጠቁም ምልክት እንጂ እንደ መርዝ አልነበረም። ቡና የሚፈላበት ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በመዝገብ ቤቱ እርጥብ ግድግዳ ላይ ያደገው ሻጋታ፣ ከአዲስ የቺፕውድ ጠረጴዛ ሙጫ የሚተነው ፎርማልዴሃይድ በዚህ መለኪያ አይታዩም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የራሱን መለኪያ ይሻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ8 ሰዓት አማካዩ በሜትር ኩብ ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

የትኛው መለኪያ የት እንደሚያስፈልግ የሚጠቁመው ቅሬታው ነው። ማን፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት ታመመ? ከሕንፃው ሲወጣስ ይሻለዋል? ከቆላ አዲስ የመጣ ሠራተኛ በከፍታው ምክንያት ራሱን ሊያመው ይችላል፤ ይህ ሕመም ግን ቢሮና ቤት አይለይም። ቡና ሲፈላ ብቻ የሚጀምር ራስ ምታት ወደ ከሰሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ የሚብስ ሳል ወደ እርጥበቱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጫን ድብታ ወደ ተዘጋው መስኮት ይመራል። ልኬት መከተል ያለበት ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥርጣሬውን ለመፈተን፣ በክፍሉ ውስጥና በውጭ በተመሳሳይ ሰዓት መደረግ ይኖርበታል።

ቅሬታ ከሥራ ጫናና ከአለቃ ጋር ካለ ቅያሜ ጋር ሊቀላቀል ይችላል የሚለው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። መልሱ ግን ቅሬታውን መጣል ሳይሆን፣ ቅሬታ ያላቀረቡትን ጨምሮ ሁሉንም ሠራተኞች በአንድ ዓይነት መጠይቅ መጠየቅና ክፍልን ከክፍል ማነጻጸር ነው።

በደጋው የሚካሄዱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች መለኪያቸው ለስንት ሜትር ከፍታ እንደተስተካከለና ቅሬታው እንዴት እንደተመዘገበ በጥናት ዘዴ ክፍላቸው መግለጽ ይገባቸዋል፤ አማካሪዎችና ፈታኞችም ይህን መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የጥናት ውጤት ሳይጠብቁ የከሰል ምድጃውን ከቢሮ ማውጣትና በሻይ ዕረፍት ትይዩ መስኮቶችን ለጥቂት ደቂቃዎች መክፈት ይችላሉ። ለዚህ የተለየ በጀት አያሻም።