ጭራቁም ይዝፈን፣ ሙታኑም ይቆጠሩ

ከዶርሙ ኮሪደር ላይ የተነሣው ሙግት እስካሁን አልበረደም። መነሻው «ኤፒክ» ነው፤ ሆርሄ ሪቬራ ኤራንስ የሆሜርን «ኦዲሲ» ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ለውጦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 ድረስ ክፍል በክፍል ያወጣው የዘፈን ሥራ። በአንደኛው ዘፈን ባለአንድ ዓይኑ ጭራቅ ፖሊፊመስ ኦዲሴዎስንና መርከበኞቹን ዋሻው ውስጥ ያገኛቸዋል፤ የሚወደውን በግ ገድለውበታል። ወዳጆቻችን እዚህ ድረስ አሰሙንና ቴፑን ቆረጡት። «አያሳዝንም?»

ያሳዝናል እንጂ! «ድሮ ጭራቅ ጭራቅ ነበር፤ ዘንድሮ ለሁሉም ሰበብ ይፈለግለታል» ከሚሉት ጋር ከቶ አንስማማም። የትኛው ድሮ? ሆሜር እኮ በዘጠነኛው መጽሐፍ ዓይኑ የጠፋውን ፖሊፊመስን ከዋሻው ደጅ አስቀምጦ፣ ኋላ የቀረውን አውራ በግ ጀርባ እያስዳበሰ «ለጌታህ ዓይን አዝነህ ነው ወይ?» ዓይነት ያናግረዋል። ከበጉ ሆድ ሥር ግን ጠላቱ ተንጠልጥሏል። ከዚህ የባሰ አንጀት የሚበላ ነገር ዘንድሮ ማን ጻፈ? ኤውሪፒደስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ጭራቅ አስክሮ መድረክ ላይ አዘፍኖታል። ሄንደል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1718 በ«ኤሲስና ጋላቴያ» ፍቅር አስይዞት፣ ያንን ጎርናና ድምፅ በቀጭን ዋሽንት አጅቦ አንጎራጎረው። ግን ዘፋኙ ኤሲስን በቋጥኝ ሲጨፈልቅ ሄንደል ዝም አላለም፤ ጋላቴያን ለሟቹ አስለቀሳት።

የእኛ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ጭራቁ ስንት ሰው በላ ሲባሉ ወዳጆቻችን ይንተባተባሉ። በሆሜር ዘንድ ስድስት ናቸው፤ ሁለት ሁለት እያደረገ፣ በሦስት ማዕድ። ከነዚህ አንዱ አንቲፎስ ይባላል፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ሽማግሌ አባቱ ኢታካ ላይ ገና ያለቅስለታል። በ«ኤፒክ»ም ከበጉ ዘፈን ቀጥሎ ፖሊቴስ፣ ያ ደጉ ጓደኛ፣ በጭራቁ ዱላ ይወድቃል። እንግዲህ ደራሲው አልረሳም። የረሳው አድማጩ ነው።

በላዔ ሰብእን እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ እንዴት ይከብደናል? 78 ነፍስ የበላው ሰው በጥርኝ ውኃ ሲማር፣ የተበሉት በሚዛኑ ላይ ነበሩ፤ ማንም አላወረዳቸውም።

ስለዚህ ለበጉ ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴፑን ይዛችሁ ስትመጡ የፖሊቴስን ሞት ሳታሰሙን አትቁረጡት።