ሀብቱን ያቆየው ጠባይ አይደለም

በየዩቲዩቡና በየቴሌግራሙ ስለ ጥንት ባለጸጎች የሚሰበከው ትምህርት አንድ ዓይነት ነው። ከቅድመ አያት ሀብት የወረሱ የምዕራብ ቤተሰቦች አይጮሁም፣ አይታዩም ይባላል። ያረጀ ኮት ይለብሳሉ፣ አሮጌ ላንድሮቨር ይነዳሉ፣ ልጆቻቸውን ከሕፃንነት ቁጠባ ያስተምራሉ፣ ሩቅ ያስባሉ። ከዚያ ሰባኪው ወደ አዲስ አበባው ወጣት ይዞርና፣ እነሱ እዚህ የደረሱት በጠባያቸው ስለሆነ አንተም ጠባያቸውን ያዝ ይለዋል። ይህ ትምህርት ሰው ያሳስታል። ጠባዩ አንዳንዶቹ ዘንድ በእርግጥ አለ፤ የመጣው ግን ከሀብቱ በኋላ ነው።

የስብከቱ ተወዳጅ ምሳሌ የእንግሊዝ መሳፍንት ናቸውና የዌስትሚንስተር መስፍንነትን የያዘውን የግሮቭነር ቤተሰብ እንመልከት። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1677 ሰር ቶማስ ግሮቭነር የተባለ የቼሻየር ባላባት ሜሪ ዴቪስ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ አገባ። ልጅቱ ከለንደን በስተምዕራብ 500 ኤከር ገደማ ረግረግና የግጦሽ መሬት የወረሰች ነበረች፤ በእኛ ልኬት አምስት ጋሻ ያህል። ከተማዋ ወደዚያው ሰፋችና ግጦሹ ሜይፌርና ቤልግሬቪያ የሚባሉት የለንደን ውድ ሰፈሮች ሆነ። መሬቱን ውድ ያደረገው የለንደን ማደግ ነው። ቤቱን የሠራው፣ ንግዱን ያደራው፣ ግብር ከፍሎ መንገዱን ያስጠረገው ብዙ ሌላ ሰው ነው።

ቤተሰቡ አብዛኛውን መሬት አልሸጠም፣ በሊዝ ሰጠ። ሊዝን እኛም እናውቀዋለን፤ በአገራችን ሕግ የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን ባለመሬቱ መንግሥት ነው። በቤልግሬቪያ የአብዛኛው ቦታ ባለመሬት አንድ ቤተሰብ ነው። ሊዝ ያዡ በገዛ ገንዘቡ ይሠራል፣ ለመሬቱ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ቦታው ከነቤቱ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። አድናቂዎቹ ትዕግሥት፣ አርቆ ማሰብ የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን ሌላው ሠርቶ እስኪያስረክብ ሦስት ትውልድ መጠበቅ የሚችለው፣ መሬቱን ዛሬ እንዲሸጥ የሚያስገድድ በሽታም ዕዳም የሌለበት ሰው ብቻ ነው።

ዝምታቸውስ? የብሪታንያ ፓርላማ በ1967 ረጅም ሊዝ የያዙ ነዋሪዎች የሚኖሩበትን ቤት ከነመሬቱ እንዲገዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የቤተሰቡ ባለአደራዎች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ1986 ተረቱ። በ1993 ሕጉ ሲሰፋ ስድስተኛው መስፍን ተቃውሞ ከወግ አጥባቂው ፓርቲ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1978 የአራተኛው መስፍን የውርስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ሰውየው በ1967 የሞተው በካንሰር ነው፤ ወገኖቹ ግን በ1944 በጦር ሜዳ የቆሰለው ቁስል ሞቱን አፋጥኖታል ብለው ተከራከሩ። ረቱም፤ ሀብቱ በጦርነት ቁስል ለሞተ ሰው ከተፈቀደው የውርስ ግብር ነጻነት ተጠቀመ። ሕጉ የፈቀደላቸውን ነው ያደረጉት፣ በዚህ አልከሳቸውም። ይህን ሁሉ ትቶ ስለ አሮጌ ኮታቸው ብቻ የሚያወራውን ሰው ግን እከሰዋለሁ።

በ2016 ስድስተኛው መስፍን ሲሞት ሀብቱ 9 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ይገመት ነበር። ማዕረጉና ርስቱ የተላለፈው ሁለት ታላላቅ እህቶች ላሉት የ25 ዓመት ወንድ ልጁ ነው። በብሪታንያ ከ325 ሺህ ፓውንድ ባለፈ ውርስ ላይ የሚጣለው መደበኛ ግብር 40 በመቶ ነው። አብዛኛው የግሮቭነር ሀብት ግን ትረስት በሚባለው የአደራ ሥርዓት የተያዘ ስለነበር ይህ ግብር አላገኘውም። እንዲህ ያለ ትረስት በየአሥር ዓመቱ የሚከፍለው ቢበዛ 6 በመቶ ነው። ወራሹ ትሑት ሊሆን ይችላል፤ በ2020 ለኮሮና ወረርሽኝ እርዳታ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቷል። መልካም ሥራ ነው። ልግስናው ግን ሀብቱ እንዴት እጁ እንደገባ አያስረዳም።

ስለ ትረስት አጥብቀን ማሰብ አለብን፤ ምክንያቱም የጠባይ ስብከቱን የሚያፈርሰው እሱ ነው። የእንግሊዝ ባላባቶች ርስታቸውን ለዘመናት ሲያስሩ የኖሩት ወራሹ በሕይወት እያለ ፍሬውን እንዲበላ እንጂ መሬቱን እንዳይሸጥ አድርገው ነው። ለምን? ልጅ ቁማርተኛ ወይም አባካኝ ሊወጣ እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው። በልጆቻቸው ጠባይ ቢተማመኑ ኖሮ እነዚህ ማሰሪያዎች ባላስፈለጉ ነበር። አሜሪካዊው ኮርኒሊየስ ቫንደርቢልት በ1877 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ሞተ፤ ልጁ ዊሊያም በስምንት ዓመት እጥፍ አደረገው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት በየቦታው ቤተ መንግሥት እየሠሩ አሳነሱት። ጠባይ ሀብት ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ እማራለሁ። ከ1677 እስከ ዛሬ ያቆየ ጠባይ ግን አላየሁም።

የእኛን አገር አስቡት። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት ወንድም ሴትም ልጅ፣ በአባትም በእናትም ወገን ድርሻ ይጠይቅ ነበር። እንግሊዝ አገር የበኩር ወንድ ልጅ ሁሉን ሲጠቀልል፣ እዚህ መሬቱ በየትውልዱ ይከፋፈል ነበር። የጎጃም ገበሬ የእርሻው ማሳ ጠቦ የቀረው ቁጠባ ስላላወቀ ነው የሚል ሰው ይኖራል? በ1967 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር የወጡት አዋጆች ደግሞ የገጠሩን መሬትና የከተማውን ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ አስገቡት። ያ እንዴት እንደተፈጸመ ብዙ የሚያስወቅስ አለው፤ እዚህ የምለው ሕግ ምን ያህል ሀብትን እንደሚሠራና እንደሚያፈርስ በገዛ ቤታችን አይተናል ነው።

በዚህ ስብከት የምናደደው ስለ አድማጩ ነው። ደሞዙ በገባ ማግስት ለእናቱ መድኃኒት፣ ለታናሽ እህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለዕቁብና ለዕድር የሚያወጣ ወጣት ነው። ገንዘብ ከአያት ወደ እሱ አልወረደም፤ ከእሱ ወደ ወላጆቹ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ሰው ድህነትህ የአስተሳሰብ ነው ማለት ነውር ነው። ከሰው ፊት አፍሮ ዕቁቡን በሰዓቱ የሚጥል ሰው ዲሲፕሊን አልጎደለውም፤ የጎደለው መሬት ነው፣ ለልጁ የሚተርፍ የቤት ካርታ ነው፣ ወላጆቹ ሲያረጁ የሚይዛቸው ጡረታ ነው። ለእነዚህ የሚሟገት ተናጋሪ ቢገኝ ረዥም ሰዓት ቁጭ ብዬ አደምጠዋለሁ።