ጥፋቱ የጭቃው አይደለም

ሰሞኑን ዘመድ ልጠይቅ መርሳ ሄጄ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ዛሬ ስለ በር እጽፋለሁ። አዎ፣ ስለ በር። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ቤቶች የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ልስንና ቀለም። የቤቱ ልጅ በጦርነቱ እግሩን አጥቶ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። የመኝታ ክፍሉ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ከዊልቸሩ ጋር ይጋጫል፤ ሰው ካልከፈተለት አይወጣም። እናቱ ብር አጠራቅመው ተንሸራታች በር አሠሩለት። ባለሙያው ትራፓኖውን ይዞ መጣ፤ ሐዲዱን በፊሸርና በብሎን ልስኑ ላይ አሰረው፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሐዲዱ ጭቃውን ገንጥሎ ከነበሩ ወረደ። ደግነቱ ልጁ በወቅቱ ከሥሩ አልነበረም። አሁን በመጋረጃ ነው ያሉት።

የሰፈሩ ፍርድ ምን መሰላችሁ? «በጭቃ ቤት ስላይዲንግ! ድሮስ ምን ሊሆን ኖሯል?»

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጥፋቱ የጭቃው አይደለም፤ ግድግዳው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የበሳው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው በር ክብደቱን በማጠፊያው በኩል ለመቃኑ ይሰጣል። ተንሸራታች በር ግን ሙሉ ክብደቱ ከላይ ሐዲዱ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ ታች መጫን ብቻ ሳይሆን ብሎኑን ከግድግዳው ወደ ውጭ ይስባል። ፊሸር የሚሠራው ጠንካራ ነገር ውስጥ ገብቶ ሲወጠር ነው። ጭቃ ውስጥ ሲወጠር ጭቃው ይፈረፈራል።

በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሸክም የሚችለው ቋሚው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን እያንኳኩ፣ ካስፈለገም በቀጭን ሚስማር እየወጉ ቋሚዎቹን መፈለግ። ከዚያ ከበሩ ክፍተት በላይ፣ የክፍተቱን እጥፍ የሚረዝም ወፍራም ጣውላ በረጃጅም የእንጨት ብሎን ከየቋሚው ጋር ማሰር። ሐዲዱ የሚታሰረው ጣውላው ላይ ነው፤ በውሃ ልክ ተለክቶ፣ በሁለቱም ጫፍ መቆሚያ ተደርጎለት። ቋሚው በምስጥ ከተበላ ደግሞ አዲስ ቋሚ ከመሬት ማቆም ነው። ይህን ማንኛውም የጭቃ ቤት የሠራ አናጺ ይገባዋል። ግን ማን ጠየቀው?

ብሎኬት ቤት ያላችሁም አትኩሩ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ክፍት ቦታ ላይ ካረፈ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከበሩ በላይ ያለውን የኮንክሪት ተሸካሚ ፈልጉ፤ ሐዲዱ ከሱ አልፎ በሚሄድበት በኩል ደግሞ ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በብረት ሳህን ይታሰር።

«በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር አይቀልም?» የሚል ይኖራል። ቦታ ካለ እሱ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ግን 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ግማሽ ካሬ ሜትር ወለል ይይዛል። ሳሎኑም አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ሶፋ በሆነበት ቤት ያ ግማሽ ካሬ የለም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ ምን እንዳሳለፉ ለናንተ አልነግርም። አካላቸው ጎድሎ የቀሩ ወገኖቻችን ዛሬም ከኛው ጋር ናቸው። ዊልቸር ሲለገስ ፎቶ እንነሳለን፤ ጭብጨባም አለ። ዊልቸሩ በቤቱ በር ያልፍ እንደሆነ ሜትር ይዞ የሚለካ ግን አላየሁም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ እንኳ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖር የደነገገው ለሕዝብ አገልግሎት ለሚውሉ ሕንፃዎች ነው። ያ ልጅ ግን ቀኑን የሚውለው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን እናቱ ቤት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። ዊልቸር የምትለግሱ፣ ከእያንዳንዱ ዊልቸር ጋር የአንድ አናጺ የቀን ሂሳብና አንድ ጣውላ ጨምሩ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ወጥተው በሮችን ይለኩ፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዴት እንደሚንጠለጠል ሞክረው ለአናጺዎቻችን ያሳዩ። በር የምታሠሩ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ብሎኑ የሚይዘው ምኑን ነው?» «ግድግዳውን» ካላችሁ አሰናብቱት። «ቋሚውን» ካላችሁ ሻይ አፍሉለት።

ዊልቸር ሰጥተን በሩን ካላስተካከልንለት፣ የሰጠነው መቀመጫ ብቻ ነው።

ቸር እንሰንብት።