ስለ በሩ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ መውጫው ይጠይቁ

በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2002 በመካ በሚገኝ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እሳት ተነስቶ 15 ተማሪዎች ሞቱ። ትምህርት ቤቱ የነበረው በኪራይ ሕንጻ ውስጥ ሲሆን ከአቅሙ በላይ ተማሪ ይዞ ነበር፤ የአደጋ ጊዜ መውጫም አልነበረውም። በሩ ተቆልፎ እንደነበር የሳዑዲ ጋዜጦች ጭምር በወቅቱ ዘግበዋል።

ይህን አሳዛኝ ታሪክ ያነሳሁት በጅዳ ወይም በመካ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም አዳራሽ ለማደስ እያሰቡ ላሉ አንባቢያን ነው። ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ወይም አዳራሽን ለሁለት የሚከፍል ተጣጣፊ በር ስንፈልግ አምራቹን ቀድመን የምንጠይቀው "በካሬ ስንት ነው?" ብለን ነው። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ "መብራት ሲጠፋ ሰው በየት ይወጣል?" መሆን አለበት።

እስከ 2021 ድረስ ሱቆች በሶላት ሰዓት ይዘጉ እንደነበር ያስታውሳሉ። ብዙ ጊዜ ደንበኞች ውስጥ እያሉ በሩ ይወርድባቸው ነበር። ስለለመድነው አደጋው አልታየንም።

የሳዑዲ የሕንጻ ኮድ መነሻ ያደረገው ዓለም አቀፍ ኮድ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የመውጫ በር በመርህ ደረጃ በማጠፊያ የሚከፈት በር ነው፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ክፍል ከሆነ ደግሞ ወደ መውጫው አቅጣጫ ተገፍቶ መከፈት አለበት። ተጠቅላይ በር ዕቃ ለማስገባትና ሱቅን ከሌባ ለመጠበቅ ጥሩ ነው፤ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቦታ ግን ብቸኛ መውጫ ሊሆን አይገባም። እሳትን ለመከላከል የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሙቀት ሲሰማው ራሱ ስለሚወርድ ከጎኑ ሌላ በር ከሌለ ሰውን ያግታል።

ስለዚህ አምራች ሲመርጡ ቦታውን መጥቶ የሚለካውን ይምረጡ። ሞተሩ ሲቆም በሩ በእጅ በሰንሰለት ይነሳ እንደሆነ ፊትዎ እንዲያሳይ ያድርጉ። "እሳት ይቋቋማል" ካለዎት የፍተሻ የምስክር ወረቀቱን ይጠይቁ። ስለ ስፕሪንጉም ይጠይቁ፦ የተለመደው ስፕሪንግ 10,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የሚመረት ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይህን ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። የቀይ ባሕር ጨዋማ አየር ባለበት ጅዳ ደግሞ ዝገት ይጨመርበታል። መለዋወጫውን የሚያቀርበውና ጥገናውን የሚሠራው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ተጨማሪ በር ቦታ ይይዛል፣ ወጪም አለው የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ወጪ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ በእሳት የሞተ ሰው ግን አይመለስም።

ተቀጣሪ ከሆኑም ጉዳዩ ይመለከትዎታል። ነገ ሥራ ሲገቡ ሁለተኛው መውጫ የት እንዳለ ይዩ፤ በካርቶን ተዘግቶ ከሆነ ካርቶኑን ያንሱ። መጋዘን ውስጥ የሚያድር ወገን ካለ ደግሞ በሩ ከውጭ እንዳይቆለፍበት ለአሠሪው ይናገሩ። የመካዎቹ ልጆች ያጡት የሚከፈት በር ነበር።