መምሰልና ማስመሰል በዝናብ ሲለዩ

በአማርኛችን ከአንድ ሥር የወጡ፣ በትርጉም ግን ተራርቀው የሚኖሩ ሁለት ቃላት አሉ፤ መምሰልና ማስመሰል። “እግዚአብሔርን መምሰል” ስንል በመንፈሳዊ ሕይወታችን ልንደርስበት የምንናፍቀውን ነገር እንናገራለን። “አስመሳይ” ስንል ግን ሰውን እየነቀፍን ነው። ታዲያ በኑሮአችን ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? እኛ እንደሚመስለን ፀሐይ ወጥቶ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ሁለቱ አይለዩም። የሚለዩት ዝናብ ሲመጣ ነው።

ምሳሌያችንን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንወስዳለን። በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች “ትሪቢዩት ባንድ” የሚባሉ የሙዚቃ ቡድኖች አሉ። ሥራቸው የአንድን ታዋቂ ባንድ ዘፈኖች በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አለባበስ፣ አንዳንዴም በዚያው የፀጉር አቆራረጥ መጫወት ነው። ቢትልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ተበተነ። ቡትሌግ ቢትልስ የተባለው ቡድን ግን በ1980 ተቋቁሞ፣ እነርሱ አብረው ከቆዩበት ዘመን እጅግ ለሚበልጥ ጊዜ ዘፈኖቻቸውን ሲጫወት ኖሯል። አባ የተባለውን የስዊድን ባንድ የሚመስለው ቢዮርን አጌን በ1988 በአውስትራሊያ ሜልበርን ተመሠረተ፤ በ1992ም በጭቃው በሚታወሰው የእንግሊዙ የሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ ተጫውቷል።

“የዓለም ዘፋኝ ለእኛ ምን ያስተምረናል?” የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ጥያቄያቸውን እናከብራለን። ዘፈኑን እያወደስን አይደለም። ነገር ግን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከማይታመን መጋቢ እንኳ ለብርሃን ልጆች ትምህርት አውጥቷል። ከእነዚህ ሙዚቀኞች ሥራም የምንማረው አለ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። በበጋቸው ወራት ከከተማ ከተማ በመኪና እየዞሩ በመናፈሻና በሜዳ ላይ ይጫወታሉ፤ የእንግሊዝ በጋ ደግሞ ዝናብ አያጣውም። ድምፅ ማጉያውና ሚክሰሩ በላስቲክ ይሸፈናል። ቅዝቃዜና እርጥበት የጊታሩን ክር ከቅኝት ስለሚያወጣው ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል። መብረቅ ከመጣ ወይም ነፋሱ የመድረኩን ጣሪያ የሚያሰጋ ከሆነ ሁሉም ይቆማል። ተራ ዝናብ ከሆነ ግን ይጫወታሉ። ሲጨርሱ እርጥቡን ገመድ ጠቅልለው፣ ሰው ሠራሹን ፀጉር አውልቀው ወደ ሚቀጥለው ከተማ ይነዳሉ። ሕዝቡ በማግስቱ የሚያስታውሰው ዘፈኖቹን እንጂ የእነርሱን ስም አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንደኛ ነገር፣ እነዚህ ሰዎች መምሰላቸውን አይደብቁም። በፖስተራቸው ላይ ማን እንደሆኑ ተጽፏል፤ ማንም አይታለልም። አዲስ ኪዳን “ግብዝ” ለሚለው ቃል የሚጠቀምበት የግሪክ ቃል ደግሞ መጀመሪያ ትርጉሙ የመድረክ ተዋናይ ማለት ነበር። የግብዝ ችግሩ ሌላውን መምሰሉ ሳይሆን፣ ያልሆነውን ነኝ ብሎ ሰው እንዲያምነው መፈለጉ ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን እርሱ ክርስቶስን እንደሚመስል እነርሱም እርሱን እንዲመስሉ ሲለምን (1ኛ ቆሮ. 11) አላፈረም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት ዘማሪ በሚወደው ዘማሪ ድምፅ ሲዘምር “ኮፒ ነው” ብለን ለመሳቅ አንቸኩል። ሁላችንም የጀመርነው ከሰው በማየት ነው። ይልቅስ የዚያን ሰው ድምፅ ብቻ ነው ወይስ ጸሎቱንና ትዕግሥቱንም ጭምር እየተማረ ያለው ብለን እንጠይቅ፤ ደግሞም እንርዳው።

ሁለተኛው፣ ዘፈኑ የእነርሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ። በእንግሊዝ አገር ዝግጅት አዘጋጆች ለሚዘፈነው ሥራ ፈቃድ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ለዘፈኑ ደራሲዎች ይደርሳል። ተጫዋቹ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል እንጂ የደራሲነቱን ድርሻ አይወስድም። እኛስ? የተሰበከው ወንጌል የማን ነው? የተፈወሰው ሰው በማን ስም ተፈወሰ? በዓለም ያለ ውል ለደራሲ የሚገባውን ለደራሲው ካደረሰ፣ በእግዚአብሔር ቤት የደራሲውን ክብር ለተጫዋች የምንሰጥበት ምክንያት የለም። በኮንፈረንስ ፖስተሮቻችን ላይ የአገልጋዩ ፎቶ ከጌታ ስም በላይ ሲገዝፍ ማየት ሊያሳስበን ይገባል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። መድረኩ ጣሪያ አለው፤ ሕዝቡ ግን የለውም። በዝናብ ውስጥ በሜዳ ላይ በሚደረግ ዝግጅት ይበልጥ የሚረጥበው ሊሰማ የመጣው ሰው ነው። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በክረምት ድንኳን ጥለን ስንሰበሰብ፣ መድረኩ ደረቅ ሆኖ ከድንኳኑ ጠርዝ ላይ ልጅ አዝላ የቆመች እናት ትኖራለች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሰባኪውን ድምፅ ሲውጠው፣ ምንም ሳይሰሙ እስከ መጨረሻ የሚቀመጡ አረጋውያን አሉ። ድምፅ ማጉያው አይመጥነኝም፣ ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ የቀረ አገልጋይ እነዚህን ሰዎች ይያቸው። እነርሱ እየረጠቡ መጥተዋል። ክፍያ የሚቀበል ሙዚቀኛ ለበተነ ባንድ ዘፈን በዝናብ ከቆመ፣ በደም የተገዛን እኛ ለሕያው ጌታ ስንት እጥፍ ልንቆም ይገባን ነበር?

ጌታችን በተራራው ስብከት መጨረሻ ስለ ሁለት ቤቶች ተናግሯል (ማቴ. 7)። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ወረደ። ልዩነቱ ከታች ባለው መሠረት ነበር፤ ዝናብ እስኪመጣ ግን ማንም አላየውም። ማስመሰልም እንዲሁ ነው፤ ጭብጨባ ሲቀር፣ ማይክ ሲወሰድ፣ ስማችን ሳይጠራ ሲቀር ይፈርሳል። መምሰል ግን ረጥቦም ይቆማል።

እንግዲህ ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታም አለ። ትሪቢዩት ባንዱ ፀጉሩን አውልቆ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል፤ ለብሶት የነበረው ከውጭ ነውና። ክርስቶስን መምሰል ግን ቅዳሜና እሑድ ተለብሶ ሰኞ የሚሰቀል ልብስ አይደለም። መንፈስ ቅዱስ ከውስጥ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ በቢሮም፣ በገበያም፣ በትዳርም አብሮን ይገባል።

ሌላም አለ። አርኔል ፒኔዳ የተባለ ፊሊፒናዊ በልጅነቱ እናቱ ሞታበት በማኒላ ጎዳና ላይ ያደረ ሰው ነው። ኋላም የታዋቂ ባንዶችን ዘፈን እየዘፈነ ይኖር ነበር። በ2007 የጆርኒ ባንድ ጊታር ተጫዋች ኒል ሾን ቪዲዮውን በዩቲዩብ አይቶ ጠራው፤ ከሩቅ ሲመስላቸው ከኖሩት ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። ይህ ለአንድ ሰው የደረሰ ያልተጠበቀ ዕድል ነው። ለእኛ ግን የሁላችን ተስፋ ነው። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 እንደሚያስተምረን፣ ጌታ ሲገለጥ እናየዋለን፤ ስናየውም እንመስለዋለን። አሁን በእርጥብ ገመድና ከቅኝት በወጣ ክር የምንለማመደው ለዚያ ቀን ነው።

ገና ጌታን ያላገኛችሁት ወዳጆቻችንም፣ በአስመሳዮች ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ርቃችሁ ከሆነ ሐዘናችሁ ይገባናል። ነገር ግን መጥፎ ቅጂ ያየ ሰው ዋናውን አየሁ ሊል አይችልም። ወንጌልን ከፍታችሁ እርሱን ራሱን ተመልከቱት።

ጌታ በዝናብ የሚቆም ጸጋ ያብዛልን። ተባረኩ።