ያልተጠራው ወንድም

መንዝ ውስጥ ደም ሊደርቅ ሲል ሽማግሌው አስቀድሞ የሚያጣራው የሟች ወገን መሟላቱን ነው። አንድ ወንድም ቆላ ወርዶ ከሆነ መልእክተኛ ይላክበታል። ቂሙን ይዞ የቀረ አንድ ሰው ካለ ዕርቁ በእርሱ በኩል ይፈርሳላ!

ዛሬ ያ ወንድም ዋሽንግተን ነው፣ ሪያድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ላይ ሲሆን እርሱ ገንዘብ ይልካል፣ በቀጥታ ስርጭት «በለው» ይላል፣ ያለቅሳልም። ዕርቅ ሲነሳ ግን የሚጠራው የለም። አንዱ ወገን «ጽንፈኛ» ይለዋል፤ ሌላው ኪሱን ብቻ ያያል። እናቱም ስልክ ላይ «ደኅና ነን» ብላ ትዘጋለች፤ ጠላፊ ትፈራለች። ስለዚህ ስለ መርሐቤቴና ስለ ግሼ የሚያውቀው ቪዲዮ የነገረውን ነው።

ሶማሌዎችን እንይ። ዚያድ ባሬን የወጋው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በ1973 ዓ.ም. የታወጀው ለንደን ላይ ነበር፤ ስደተኛው ለጦርነቱ አዋጥቷል። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሌላንድ፣ ቦረማ ከተማ ላይ 150 የጎሳ ሽማግሌዎች አራት ወር ያህል ለዕርቅ ተቀመጡ። ወጪውን በአብዛኛው የቻለው ሕዝቡ ነው፤ ውጭ ያሉት ልጆቹም አዋጡ። የጥይት ገንዘብ የሽማግሌ ቀለብ ሆነ ማለት ነው። ውሳኔው ግን የተቀማጮቹ ነበር፤ ይህ መረሳት የለበትም። ከሩቅ ሆኖ የሚፈርድ ሰው የፍርዱን ዕዳ አይከፍልም።

የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ሽማግሌዎች በስልክም ቢሆን ይጥሩት። እርሱም ከመናገሩ በፊት እናቱ «ደኅና ነን» ስትል ምን እንደዋጠች ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ።